ንግግር፦ ሁለት ሰው የሚኖርበት ቃል

አዲስ አበባ ውስጥ «ነገ ልደታ ነኝ» ያለን ሰው ጓደኛው «ምን ልትሳለም?» ብሎ አይጠይቀውም። «ምነው በደኅና? ማን ከሰሰህ?» ይለዋል። የሰፈሩ ስም የመጣው ከልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሆኖም የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የልደታ ምድብ ችሎቶች ስሙን ቀስ በቀስ ወደ ራሳቸው ስበውታል። ቃሉ ግእዝ ነው። ወለደ ከሚለው ግሥ ልደት ይወጣል፤ ልደት ላይ የሴት ባለቤትነት ምልክት ሲጨመርበት ልደታ ይሆናል፤ «የእርሷ መወለድ»። ግንቦት 1 ቀን ጎረቤት በየደጁ ንፍሮ ቀቅሎ የሚሰበሰብባት ቀን ይህችው ናት።

ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ግን አንዲት እናት የተናገሯት አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ከፍርድ ቤቱ አቅራቢያ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ ደጃፍ ወረፋ ይዤ ቆሜያለሁ። ለባለጉዳይ አቤቱታ የሚጽፈው ራፖር ጸሐፊ አንድ ላፕቶፕና አንድ አሮጌ ማተሚያ ያለው ወጣት ነው። ፊት ለፊቱ የተቀመጡትን አዛውንት «እማማ፣ እስቲ ይንገሩኝ፤ ምን ብዬ ልጻፍ?» አላቸው። እርሳቸውም ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው «ነገሩ እንዲህ ነው ልጄ፤ ሰውየው ነገር ይወዳል፤ እኔ ደግሞ ነገር አልፈልግም፤ ግን ነገሬን የሚሰማኝ አጣሁ» አሉት።

አራት ጊዜ «ነገር» አሉ፤ አራቱም አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ጉዳዩ ነው። ሁለተኛው ጠብ ነው፤ ሰውን ነገረኛ ስንል እንደምንለው። ሦስተኛው ሙግት ነው። አራተኛው በሆዳቸው የያዙት፣ ሊሉት የፈለጉት ቃል ነው። ከአራቱ በዕድሜ የሚበልጠው ይህ የመጨረሻው ነው፤ በግእዝ ነገር ማለት ከሁሉ በፊት ቃል፣ የተነገረ ሐሳብ ነውና። ነገረ መለኮት ወይም ነገረ ማርያም ስንል ያ ጥንታዊ ፍቺ እስከ ዛሬ አብሮን አለ። እየዋለ እያደረ የሚነገረው ቃልና የሚነገርለት ጉዳይ በአንድ ስም ይጠሩ ጀመር። የዕብራይስጡ ዳባርም እንደዚሁ ቃልም ነው፣ ጉዳይም ነው። እንዲህ ባለ ቋንቋ የሚናገር ሰው አፉ ሲዘጋ ጉዳዩም አብሮ ይዘጋበታል። እናቲቱ «ነገሬን የሚሰማኝ አጣሁ» ሲሉ ቃሌን ማለታቸው ይሁን ጉዳዬን ለመለየት ተቸግሬያለሁ፤ ለእርሳቸውም ሁለቱ የተለያዩ አልነበሩም።

ነገረ የሚለው ግሥ ብዙ ልጆች አሉት። ከእነርሱ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ እፈልጋለሁ፤ የምለው ሁሉ የተንጠለጠለው በሁለቱ ልዩነት ላይ ነውና። አንደኛዋ ነጋሪት ናት። ነጋሪ የሚናገር ከሆነ ነጋሪት የምትናገር ማለት ናት። ከበሮዋ በሴት ስም የተጠራችው የንጉሥን ቃል ለአገር የምታሰማ አንደበት ስለሆነች ነው። ነጋሪት ተጎሰመ ማለት አዋጅ ተነገረ ማለት ነበር። በ1934 ዓ.ም. ሕግ የሚታወጅበት ጋዜጣ ሲቋቋም ይህችኑ ከበሮ በስሙ ይዟት ወጣ፤ ነጋሪት ጋዜጣ። ጋዜጣ የጣልያኖች ቃል ነው፤ ቬኒስ ላይ የዜና ወረቀት የሚገዛበት ሽርፍራፊ ሳንቲም ስም እንደነበረ ይነገራል። የግእዝ ከበሮና የቬኒስ ሳንቲም ተጋብተው እስከ ዛሬ ሕጋችንን ይነግሩናል። ነጋሪት ግን መልስ አትጠብቅም። ትጎሰማለች፣ ሰው ይሰማል፣ አለቀ።

ሁለተኛዋ ልጅ ንግግር ናት። የቃሉን ሰውነት ልብ ብላችሁ እዩት። ነገረ የሚለው ግሥ መካከለኛ ፊደሉ «ገ» አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለው፤ ንግግር ላይ ግን ሁለት ጊዜ ይመጣል። እንዲህ ያለው ድግግሞሽ በአማርኛ ያለ ምክንያት አይመጣም። ከተመካከረ ምክክር፣ ከተደራደረ ድርድር እንደሚወጣ ሁሉ ንግግርም የወጣው ከተነጋገረ ነው። ተነጋገረ ደግሞ ብቻውን የማይቆም ግሥ ነው። አንድ ሰው ይናገራል፤ ሊነጋገር ግን ከሰው ጋር መሆን አለበት። «አበበ ተነጋገረ» ብላችሁ ዝም ብትሉ ሰሚው «ከማን ጋር?» ማለቱ አይቀርም። ንግግር ውስጥ እንግዲህ ቢያንስ ሁለት ሰው ይኖራል፤ አንዱ ሲል ሌላው ይመልሳል።

ዛሬ ቃሉን ለአንድ ሰውም እናውለዋለን፤ ሚኒስትሩ መድረክ ላይ ወጥተው አንድ ሰዓት ሙሉ ብቻቸውን ሲያወሩ «ንግግር አደረጉ» እንላለን። ይህ ኋላ የመጣ አጠቃቀም ይመስለኛል። የቃሉ አጥንት ግን አልተለወጠም፤ እኔም የማምነው አጥንቱን ነው። የንግግር ነጻነት ስንል የምንጠብቀው የአንድን ሰው የመጮህ መብት ብቻ ተደርጎ ሲወሰድ ቃላችን ራሱ ይቃወማል። የምንጠብቀው ሁለት ሰዎች መካከል ያለውን መንገድ ነው፤ አንዱ እንዲል፣ ሌላው እንዲሰማና እንዲመልስ። መንገዱን የሚዘጋ ሁሉ፣ ባለሥልጣንም ይሁን ጎረቤት፣ ንግግርን አጠፋ ማለት ነው።

መንገዱን በመዝጋት የሚታወቀው ቃላችን ሳንሱር ነው። ይህ ቃል ባሕር ተሻግሮ የመጣ ለመሆኑ ድምፁ ይመሰክራል። በእንግሊዝኛ በኩል ቢገባ ሴንሰር እንል ነበር፤ በጣልያንኛ ቢገባ ቼንሱራ። ሳንሱር ያልነው ፈረንሳዮቹ እንደሚጠሩት ነው። በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ፈረንሳይኛ የቤተ መንግሥቱ፣ የትምህርት ቤቱና የምድር ባቡሩ ቋንቋ ነበር፤ ቢሮንና ሌጋሲዮንን ያወረሰን እርሱ ነው። የቀላል ባቡሩን መስመር ይዛችሁ ወደ ልደታ ስትመጡ ከስታዲየም ቀጥሎ የምታልፉት ለገሃር «ባቡር ጣቢያው» ማለት ነው፤ በፈረንሳይኛ። እናቲቱን ፊት ለፊት አስቀምጦ የሚጽፈው ልጅ ራፖር ጸሐፊ የተባለበት ራፖርም እንደዚያው። በአንድ መርከብ ከመጡት ቃላት አንዱ የድሃ አቤቱታ መጻፊያ ሆነ፤ ሌላው ቃል ማጥፊያ።

ፈረንሳዮቹም ከሮማውያን ነው የወሰዱት። በጥንቷ ሮም ሴንሶር የሚባለው ሹም ዜጋን የሚቆጥር፣ ሀብቱን የሚገምት፣ ጠባዩንም የሚመዝን ነበር፤ ነውረኛ ያለውን ከምክር ቤት ያስወጣል። የላቲኑ ግሥ ቆጠረ፣ ገመተ፣ አሰበ ማለት ነው። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። የእኛ ሐሳብስ ከምን ወጣ? ከግእዙ ሐሰበ፤ ቆጠረ፣ አሰበ። ሒሳብ የሚባለውም ከእርሱ ጋር አንድ ሥር ነው። ሳንሱርና ሐሳብ በሁለት በማይዛመዱ ቋንቋዎች ከአንድ ዓይነት ዘር በቅለዋል፤ መቁጠርና ማሰብ። ልዩነታቸው የሚቆጥረው ማን ነው የሚለው ነው። ሐሳብ ውስጥ ሰው ለራሱ ይቆጥራል፤ ሳንሱር ውስጥ ሹሙ ለሰው ሁሉ ይቆጥርለታል።

የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 የንግግርና የጽሑፍ ነጻነትን በሕግ መሠረት ያረጋገጠ ነበር። በተግባር ግን መጽሐፉም ተውኔቱም ጋዜጣውም አስቀድሞ እየተነበበ ነበር ሕዝብ ፊት የሚቀርበው። በደርግ ዘመን ይህን ሥራ ይዞ የነበረው መሥሪያ ቤት የማስታወቂያና የመርሐ ብሔር ሚኒስቴር ይባል ነበር። ማስታወቂያ ከአስታወቀ ነው፤ ሌላው እንዲያውቅ ማድረግ። እንዲታወቅ ለማድረግ የተቋቋመ ቤት ምን እንዳይታወቅ የሚወሰንበት ቤት ሆነ። ይህን ስጽፍ አዝናለሁ፤ እዚያ ቤት ውስጥ ከሠሩት መካከል አገሪቱ ካፈራቻቸው ምርጥ ጸሐፊዎች ነበሩበትና።

በዓሉ ግርማ አንዱ ነው። በ1975 ዓ.ም. ኦሮማይ የተባለው መጽሐፉ ወጣ፤ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ እርሱም ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። የመጽሐፉ ርእስ ራሱ የሥርወ ቃል ጨዋታ አለው። ኦሮማይ የጣልያኖቹ ኦርማይ ነው፤ «እንግዲህ»፣ «ከእንግዲህ ወዲህ» ማለት ነው። አስመራ ላይ ሲነገር ሲነገር «አለቀ፣ አበቃ» የሚል ተስፋ መቁረጥ ተጫነበት። በዓሉ ይህን የከተማ ቃል ከሰው አፍ አንሥቶ የመጽሐፍ ስም አደረገው። መጽሐፉ ሲታገድ ግን ቃሉ አልታገደም፤ ዛሬ አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ የሚያውቀው ቃል ነው።

ከእርሱ ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ በንጉሡ ጊዜ የታገደው የአቤ ጉበኛ አልወለድም ደግሞ ወደ ልደታ ስም ይመልሰኛል። ግፍ በሞላበት አገር አልወለድም ብሎ በእናቱ ማሕፀን የሚሟገት ፅንስ ታሪክ ነው። ወለደ፣ ልደት፣ ልደታ፣ አልወለድም፤ ግንዱ አንድ። መጽሐፍን ሳይታተም መርምሮ ማገድ ፅንስን እንደማስወረድ ነው፤ ያልተወለደ ቃል አይመለስለትም፣ አይሞገትም፣ ስሕተት ቢኖርበት እንኳ አይታረምም።

ከእነዚህ ሁለት መጻሕፍት የበለጠ የሚከብደኝ ግን ስማቸውን የማናውቃቸው ናቸው። ሳንሱር ከታገዱት ይልቅ ያልተጻፉትን ነው የሚያበዛው። ለዚህም ቋንቋችን ስም አበጅቶለታል፤ ግለ ሳንሱር። ጸሐፊው ሹሙን ወደ ራሱ ጭንቅላት አስገብቶ ገና ብዕሩን ሳያነሣ ይሰርዛል። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረት ለጨዋታ የተፈጠረ አይደለም፤ ብዙ ሰው ካየው የመጣ ምክር ነው። እህል ይነቅዛል፣ ዝምታ ግን አይነቅዝም አሉ። እኔ ግን ይነቅዛል እላለሁ። ሲነቅዝም ሐሜት ይሆናል፤ ሰው ፊት ለፊት ያልተባለ ሁሉ ከጀርባ ይባላልና።

በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 34 ሳንሱርን አስቀረ። ዛሬ ሥራ ላይ ያለው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 29 ይህንኑ ደነገገ። የሚገርመው የአማርኛው ቅጂ ሳንሱር አላለም፤ የቅድሚያ ምርመራ በማንኛውም መልኩ የተከለከለ ነው አለ። ይህን ምርጫ እወድደዋለሁ። ባዕድ ቃል ሲሆን ክፋቱ ይርቃል፤ ቅድሚያ ምርመራ ሲባል ግን ነገሩ ዓይናችን ፊት ይቆማል። የሚመረመር ሕመምተኛ ነው፤ አለዚያም ተጠርጣሪ። ገና ያልተነገረን ቃል መመርመር ሰውን ሳያጠፋ እንደ መጠርጠር ነው። ክፋቱ ያለው በቅድሚያ በሚለው ነው። ከተነገረ በኋላ ለሚመጣው ጥፋት መጠየቅ ሌላ ነው፤ ያ የማንም አዋቂ ሰው ዕዳ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ «ታዲያ ያሻው ሁሉ ይባል ማለትህ ነው?» ቢለኝ፣ አይደለም። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» የሚሉት የአገሬ ሰዎች የተነገረ ቃል ተመልሶ እንደማይገባ ያውቃሉ። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. አንድ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር በቤታቸው ደጅ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ላይ ከሰሰ። ክሱ እንደሚለው ከግድያው በፊት የአባቱ ፎቶ፣ ብሔራቸውና የሚኖሩበት ሰፈር ከውንጀላ ጋር ፌስቡክ ላይ ተሰራጭቷል፤ ቤተሰቡ ይነሣልን ብሎ ደጋግሞ አመልክቷል። መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም. የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ሲል ወሰነ። በ1986 ዓ.ም. ሩዋንዳ ውስጥ ሬዲዮ ጣቢያ ሰዎችን በረሮ እያለ ስም ሲጠራ ምን እንደተከተለ ዓለም ያውቃል።

እንዲህ ያለውን ሕጋችን የጥላቻ ንግግር ይለዋል። እኔ ሁለቱ ቃላት አብረው ሲቆሙ ይቆረቁረኛል። የአንድ ሰው ፎቶና አድራሻ ተለጥፎ «ይኸውላችሁ» ሲባል ያ ሰው የሚመልስበት አፍ ተሰጥቶታልን? እርሱ እንዲሰማ አይደለም የተጻፈው። ስለ እርሱ ለሌሎች ነው የተጻፈው፤ በእርሱ ላይ። አማርኛ ይህን በአንዲት ፊደል ይለየዋል። ተናገረለት ሲሉ ጠበቀው፣ ደገፈው ነው፤ ተናገረበት ሲሉ ከሰሰው፣ ነቀፈው ነው። በሰው ላይ መናገር ሁሉ ክፉ አይደለም፤ በሹም ላይ መናገር የሕዝብ መብት ነው፣ ሹሙም መልስ የሚሰጥበት መድረክ ሞልቶታል። መልስ የሌለው ደካማ ላይ፣ ሊገደል በሚችል ሰው ላይ ሲሆን ግን ሁለተኛው ሰው ከንግግሩ ውስጥ ተባርሯል። ሳንሱር ተናጋሪውን ያወጣል፤ ጥላቻ የሚነገርበትን ያወጣል። በሁለቱም ቤት የሚቀረው አንድ ሰው ነው። አንድ ሰው የቀረበት ቃል ነጋሪት ነው እንጂ ንግግር አይደለም።

የ2012 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1185 የጥላቻ ንግግርን በእስከ 2 ዓመት እስራት ወይም በእስከ 100,000 ብር ይቀጣል፤ ጥቃት ከተከተለ እስራቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይሆናል። በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት በሰው ላይ ጥላቻ የሚቀሰቅሰውን ነው የሚመለከተው። ይህ ክፍል ይኑር እላለሁ፤ በጥንቃቄ ይተርጎም እንጂ። የሚያሳስበኝ እዚያው አዋጅ ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጠው ሌላው ክፍል ነው፤ ሐሰተኛ መረጃ።

መረጃ ከተረዳ፣ ከአስረዳ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ የሚረዱበት፣ የሚያውቁበት ነገር። ማስረጃም ከዚያው ነው። ከዚሁ ቤት ሌላም ልጅ ወጥታለች፤ መርዶ። አረዳ ማለት የሞትን ዜና ነገረ ማለት ነው፤ የሰማው ሰው ደግሞ ተረዳ ይባላል። «የእናቱን ሞት ተረዳ።» መርዶ ነጋሪዎች ንጋት ላይ ተሰብስበው ሲሄዱ፣ ፊታቸውን ቀስ ብለው ሲያሳዩ፣ ዘመድ ቀድሞ እንዲመጣ ሲያደርጉ ያየ ሰው ማኅበረሰባችን ከባድ እውነትን እንዴት እንደሚናገር ያውቃል። ቃሉን አይሰርዙትም። አያለዝቡትምም። ሰውየው ብቻውን እንዳይሰማው ያደርጋሉ። ስለ ርኅራኄና ስለ ንግግር ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላገኘሁም።

መርዶው የተደበቀበት ጊዜም ነበር። በ1965 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ ሕዝብ በረሃብ እያለቀ ሳለ ባለሥልጣናቱ ዜናው እንዳይወጣ አፍነው ያዙት። በዚያን ጊዜ «ወሎ ላይ ሰው በረሃብ እየሞተ ነው» የሚል ጽሑፍ ያወጣ ሰው ሐሰተኛ ወሬ ነዛ ሊባል ይችል ነበር፤ ሐሰት መሆኑን የሚወስነው ራሱ የደበቀው መንግሥት ነበረና። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የሚባለው የእንግሊዝ ጋዜጠኛ ፊልሙን ለንደን ላይ ባሳየ ጊዜ ነው ዓለም የሰማው። የራሱ የኢትዮጵያ ሕዝብ ፊልሙን በቴሌቪዥን ያየው መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ንጉሡ ከዙፋን በወረዱበት ቀን ዋዜማ ነበር። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን ነጻ ጋዜጣ ባለበት ዴሞክራሲያዊ አገር ብዙ ሰው የሚፈጅ ረሃብ አልደረሰም ብሎ የተሟገተው በከንቱ አይደለም። የተራበን ሰው ድምፅ ማፈን ከጉሮሮው ላይ እህል ከመንጠቅ አይለይም።

አፈነ ስል አንድ ማስጠንቀቂያ ላስገባ። ብዙ ሰው አፈና ከአፍ ወጣ ይላል። ጆሮ እንዲህ ቢያምን አይፈረድበትም። ነገር ግን የድምፅ መመሳሰል ብቻውን ዝምድና አያረጋግጥም፤ ሁለቱ አንድ ግንድ ናቸው ብዬ አልጽፍም። በእርግጠኝነት የምጽፈው ሌላ አለ። መከልከልን የምንገልጽባቸው ሌሎች ቃሎቻችን ከጠባቂ ቤት የመጡ ናቸው። መጽሐፍ ታገደ እንላለን፤ አገደ ግን ከብት ጠበቀ ማለትም ነው፤ ገጠር ያደገ ልጅ «ከብት ሳግድ ነው የዋልኩት» ይላል። ማዕቀብ ከግእዙ ዐቀበ ነው፤ ጠበቀ። ዐቃቤ ሕግም ከእርሱ ነው፤ የሕግ ጠባቂ። ፊት ለፊቱ የሚቆመው ጠበቃ ደግሞ ከጠበቀ። ልደታ ችሎት ውስጥ በግራና በቀኝ ተቀምጠው የሚከራከሩት ሁለቱም በስማቸው ጠባቂዎች ናቸው፤ አንዱ ሕጉን፣ ሌላው ሰውየውን። ሁለቱም ካልኖሩ ጥበቃው ሙሉ አይሆንም።

ጠብቆ መያዝ እንግዲህ በቋንቋችን ክፉ ቃል አይደለም። እረኛ ከብቱን የሚያግደው ከአውሬና ከገደል ነው። ያው እረኛ ግን የነገሥታቱ ጆሮ የሚፈልገው ሰው ነበር፤ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ እንደነበር ሲነገር ኖሯል። አገር ሊታመም ሲል ምልክቱ በእረኛ ዘፈን ይታያል ብለው ያምኑ ነበር። ወራሪው ግራዚያኒ ግን ይህን ጆሮ አልነበረውም፤ በ1929 ዓ.ም. ከየካቲት 12ቱ የግድያ ሙከራ በኋላ አዝማሪዎችን፣ ጠንቋዮችንና ባሕታውያንን እያስለቀመ ያስገድል ነበር። አዝማሪ የግእዙ ዘመረ ልጅ ነው፤ ከዝማሬ ጋር አንድ ማዕድ የሚበላ። ማሲንቆ ይዞ የሚዞር ሰው ጦር ለያዘ ገዢ ይህን ያህል አስፈሪ የሆነው የሚለውን ሕዝቡ ተቀብሎ ስለሚመልስለት ነው።

ስለ ችሎት ልናገር። ችሎት የቻለ ልጅ ነው፤ ቻለ ደግሞ የግእዙ ክህለ፤ ከሃሊ የሚባለውም ከዚያ ነው። አማርኛ በዚህ ግሥ ላይ የጨመረው አለ። ቻለ ማለት አቅም አገኘ ብቻ አይደለም፤ ታገሠ፣ ተሸከመ ማለትም ነው። «ቻል አድርገው» እንባባላለን። መቻቻል ከዚያው ወጣ፤ እርስ በርስ መሸከም። ችሎትና መቻቻል የአንድ እናት ልጆች ናቸው። የማይመችን ቃል ለመስማት አቅም ያለው ዳኛ ነው ችሎት የሚባለው፤ ለዚህም ነው ንግግር ገደብ አልፏል ወይ የሚለውን የሚወስነው ችሎት እንጂ ቢሮ መሆን የለበትም የምለው። ችሎት ሁለቱን ወገን ይሰማል፤ ቢሮ አንዱን ብቻ። ገደብም ቢሆን ከግድብ ጋር አንድ ነው። ግድብ ውኃን ያጠራቅማል፣ በልክ ይለቅቃል። ጨርሶ የማይለቅ ግድብ አንድ ቀን ይደረመሳል።

እዚህ ልደታ ላይ ቃል ራሱ ለፍርድ የቀረበበት ቀን አለ። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ዞን 9 በሚል ስም የሚጽፉ 6 ወጣቶችና 3 ጋዜጠኞች ታሰሩ። ስማቸው የመጣው ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት ነው፤ እስር ቤቱ 8 ዞን ነበረው፣ ዘጠነኛው ከአጥሩ ውጭ ያለው አገር ነው አሉ። ማረሚያ ከአረመ ነው፤ ገበሬ እርሻውን ከአረም ያጸዳል፣ አራሚ ጽሑፍን ያርማል። ጸሐፊን ወደ ማረሚያ ሲወስዱት የጽሑፍ እርማት በሰው ላይ ተፈጸመ ማለት ነው። የተከሰሱት በፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ነበር። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የ5ቱ ክስ ተቋረጠ፤ ጥቅምት 5 ቀን 2008 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ የቀሩትን ከሽብር ክሱ ነጻ አላቸው፤ አንዱ ብቻ በሌላ አነስተኛ ክስ እንዲከላከል ታዘዘ። በመካከሉ ወደ 18 ወር አልፏል።

ነጻ የሚለው ቃል ከነጽሐ ነው፤ ጠራ፣ ነጣ፣ ንጹሕ ሆነ። ሕመምተኛው ከለምጹ ነጻ ይባላል። ተከሳሹ በነጻ ተሰናበተ ይባላል። አገር ነጻ ወጣች ይባላል። ሰው ንጹሕ ከሆነ ነጻ ነው የሚል እምነት በቃሉ ውስጥ ተቀብሯል። እነዚያ ወጣቶች ንጹሕ መሆናቸው የታወቀው ነጻነታቸውን ለወራት ካጡ በኋላ ነበር። ሕግ አውጪዎችና ዐቃቤ ሕጎች ይህን ጽሑፍ የሚያነቡ ከሆነ የምለምናቸው ይህንን ነው፤ በንግግር የተከሰሰ ሰው ጉዳዩን ውጭ ሆኖ ይከራከር። የተነገረ ቃል ማስረጃ አይጠፋበትም፤ ታትሞ፣ ተቀርጾ፣ ተለጥፎ ይገኛል።

ወደ ራፖር ጸሐፊው ልመለስ። ልጁ ጽፎ ጨረሰና አቤቱታውን ጮክ ብሎ አነበበላቸው። እናቲቱ በአንዲት መስመር ላይ እጃቸውን አነሡ። «ቆይ፤ ሌባ ያልኩትን አውጣልኝ።»

«እውነት አይደለም እንዴ እማማ?»

«ልቤ ይጠረጥራል እንጂ በዓይኔ አላየሁም፤ ደግሞ እሱም ልጆች አሉት። ሌላውን ግን አንዲት ፊደል እንዳትነካብኝ።»

ልጁ ያቺን ቃል ሰረዘ። ማተሚያው ሁለት ገጽ አወጣ፤ እናቲቱ ፈርመውበት ወደ ፍርድ ቤቱ በር ሄዱ።